የፒካፑ ጭነት መንገድ ላይ እንዳይጎድል

ከዳባት ወይም ከደባርቅ ድንቹን፣ ገብሱን፣ ባቄላውን ጭናችሁ ጎንደር ስትወርዱ አንዳንዴ የምትከራዩት ፒካፕ ነው። ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ጣሪያ የሌለው ካሶኒ። ሲመለስ ደግሞ ማዳበሪያና ዘር ይጭናል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ጭነቱን የሚጠብቀው አንድ ሸራና አንድ ገመድ ብቻ ከሆነ ለሌባ ተመቸው ማለት ነው።

አንድ ጆንያ ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው። ትንሽ አይምሰላችሁ። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ብለን ብናሰላ የግማሽ ሄክታር ማዳበሪያ ነው። ያ ጆንያ ጠፋ ማለት ግማሽ ሄክታር መሬት ጦሙን አደረ ማለት ነው።

ሌባ የሚሰርቀው መቼ ነው? መኪናው ሲቆምና ሲያዘግም ነው። ሹፌሩ ምሳ ሲበላ፣ ጎማ ሲቀየር፣ ማታ መኪናው አጥር በሌለው ደጅ ሲያድር። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድማ ለብቻው ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ያሠራው ጠመዝማዛ ነው። የተጫነ መኪና ሽቅብ ሲወጣው በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ከኋላ ሰው ቢንጠለጠል ሹፌሩ አያየውም።

እንግዲህ ከኋላ መዝጊያው እንጀምር። ብዙው ፒካፕ መዝጊያው እጀታ እንጂ ቁልፍ የለውም። ይባስ ብሎ በአንዳንዱ ሞዴል የጎን ማሰሪያው ከተፈታ መዝጊያው ራሱ ከማጠፊያው ተነቅሎ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በያጅ ዘንድ ሂዱና አንድ ቀለበት መዝጊያው ላይ፣ አንድ ቀለበት ካሶኒው ላይ አስበይዱ። በጓጉንቸር ቆልፉ። የጓጉንቸሩ አንገት አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ረጅም አንገት ውስጥ ፌሮ ገብቶ ይፈለቅቀዋል። ሰንሰለትም ካሰራችሁ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። መሬት የነካ ሰንሰለት ድንጋይ ላይ ተደግፎ በመዶሻ ይሰበራል።

ሸራ ዓይንን ይከለክላል እንጂ ቢላዋን አይከለክልም። ተባብራችሁ ገንዘብ ካዋጣችሁ ከሸራው ሥር የሚከደን የብረት ፍርግርግ አሠሩ። አየር ስለሚያስገባ ለድንቹም ይበጃል፤ የታፈነ ድንች ያልበዋል፣ ይበሰብሳል።

ስትጭኑ ውድ ውዱን ዕቃ ከጋቢናው ሥር አስጠጉ፣ ጆንያውን በላዩና ከኋላው ደርድሩ። ሌባ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢያገኝ ድንች ይዞ ይሂድ። ነገር ግን ክብደቱን ሁሉ ወደ ጭራው አትከምሩት። ፊቱ ይቀልና መሪው ይሰንፋል፤ ቁልቁለት ላይ ገደል ነው።

ትርፍ ጎማውንም አትርሱ። ከካሶኒው ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ስላለ ማውረጃውን የያዘ ሁሉ ያወርደዋል። ሌላ ሰንሰለት በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፋችሁ ከሻንሲው ጋር ቆልፉት።

ልጅ ጭነቱ ላይ አስተኝቶ ማስጠበቅ ግን እኔ አልደግፍም። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ልጁም እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ኩርባ ላይ እሱም ይወድቃል።

ከጓጉንቸሩ ይልቅ የሚበልጠው አሁን በእጃችሁ ያለው እርሳስ ነው። ጆንያው ላይ በሁለቱም ወገን ስማችሁንና ቀበሌያችሁን በቀለም ጻፉ። ምልክት የሌለው ጆንያ ፖሊስ ጣቢያ ቢገኝ እንኳ «የኔ ነው» ብሎ ማስረዳት ይቸግራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ሌባን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛም አይለቀቅም። ስሙ የተፋቀ ጆንያ ርካሽ ነው ቢሏችሁ እንዳትነኩት።

መኪናው ሳይነሳ ደግሞ ይህን በሁለት ወረቀት ጻፉ፦ ቀን፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሹፌሩ ስም፣ «ድንች 14 ጆንያ፣ ገብስ 6 ጆንያ»፣ ፊርማ። አንዱን ሹፌሩ ይያዝ፣ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር። ተቀባዩ ቆጥሮ ሳይጨርስ አይፈርም፤ ሹፌሩ ቢቸኩልም ይጠብቅ።