ስለ ሰርከስ ተጫዋቾች ጉዳትና ስለ መከላከያው ጥበብ

በሰርከስ ትርኢት ላይ የተቀመጠ ተመልካች፣ ወጣቱ ከፍ ካለው ዥዋዥዌ ተወርውሮ በአየር ላይ ሲገለባበጥ ባየ ጊዜ ትንፋሹን ውጦ «ወደቀ! ወደቀ!» ቢል፣ ፍርሃቱ ከባሕርይ የመጣ ነውና አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን ይህን ሙያ የያዙትን ሰዎች ጤና ዓመት ከዓመት ተከታትለው የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚመሰክሩት፣ የተጫዋቹን አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ያ የሚያስፈራው ከፍታ ሳይሆን፣ ማንም ልብ የማይለው፣ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ዝላይና ሳይድን የተረሳ ወለምታ ነው።

ሆኖም አስቀድመን ስለ ውድቀት እንናገር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ ከአንዱ ዥዋዥዌ ወደ ሌላው በአየር እየበረረ በማለፍ ሕዝቡን ያስደነቀው ፈረንሳዊው ዡል ሌዮታር፣ ይህን ጥበብ የተለማመደው በቱሉዝ ከተማ፣ በአባቱ የስፖርት ቤት ውስጥ፣ ከመዋኛ ገንዳ በላይ ነበር፤ እጁ በሳተ ቁጥር የሚቀበለው ውሃ ነበርና በማግስቱ ተመልሶ ለመለማመድ ቻለ። ውሃው ያደረገለትን ነገር በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ሰው በደረቅ ሲሚንቶ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ቢገደድ፣ አካሉ የሚቀበለው አማካይ ኀይል የክብደቱን 100 እጥፍ ያህል፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የ6 ቶን ሸክም ያህል ይሆናል። ያው ሰው ከዚያው ከፍታ በመረብ ላይ ቢወድቅና መረቡ 1 ሜትር ያህል ረግቦ ቢቀበለው ግን፣ ኀይሉ ወደ 6 እጥፍ ይወርዳል። ከፍታውም ፍጥነቱም ያው ሲሆን፣ የተለወጠው ለመቆሚያ የተሰጠው ርቀት ብቻ ነው፤ ወፍራም ፍራሽም፣ ጕልበትን አጥፎ ማረፍም፣ ወድቆ መንከባለልም ሁሉ ይህችኑ ርቀት ለአካል የሚጨምሩ ዘዴዎች ናቸው።

የተጫዋቹ ችሎታ ፈጽሞ የማይረዳበት ስፍራም አለ። በሜይ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በፕሮቪደንስ ከተማ፣ ስምንት ሴቶች በጠጕራቸው ተንጠልጥለው ትርኢት በማሳየት ላይ ሳሉ፣ የሁሉንም ክብደት የተሸከመው ካራቢነር የሚባለው የብረት ማያያዣ ተሰብሮ አብረው ወደ መሬት ወደቁ። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ ማያያዣው የተጫነው ሠሪው ካዘዘው ሥርዓት ውጭ ነበር። ካራቢነር በቁመቱ ሲሳብ እጅግ ብርቱ ሲሆን፣ በወርዱ ወይም በሦስት አቅጣጫ ሲሳብ ግን ጽናቱ በብዙ ይቀንሳል። ስምንት ነፍስ በአንድ ብረት ላይ መንጠልጠሉ ራሱ ያሳዝነኛል፤ አንደኛው ቢከዳ ሁለተኛው እንዲይዝ አድርጎ ማሰር የሚቻል ነውና።

እንዲህ ያለው መከራ ግን ጥቂት ነው። የካናዳው የሰርከስ ድርጅት ሰርክ ዱ ሶሌይ ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን የመዘገበው ጉዳት ተመርምሮ በ2009 በታተመ ጊዜ፣ 1,376 ተጫዋቾች በልምምድና በትርኢት ያገኛቸው ጉዳት 18,336 ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው ግን ቀላል ነበር። አንድ ተጫዋች አንድ ጊዜ መድረክ መውጣቱ እንደ አንድ ቢቆጠር፣ በ1,000 መውጣት ውስጥ 9.7 ጉዳት ሲደርስ፣ ከ15 ትርኢት በላይ ያስቀረው ግን 0.3 ብቻ ነበር። ትርኢት የሚያስቀረው ጉዳትም ከብዙ የስፖርት ዓይነቶች ያነሰ ነው።

እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት ከወዴት ነው ቢሉ፣ ምሥጢሩ የአካል ክፍሎች ሁሉ በአንድ ፍጥነት የማይበረቱ መሆናቸው ነው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚጎበኘው በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል፤ ጡንቻን ከዐፅም ጋር የሚያስተሳስረው ጅማት ግን ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ነውና ወራት ይፈልጋል። ዐፅም ደግሞ ሕያው ነገር እንጂ ድንጋይ ባለመሆኑ፣ አዲስ ሸክም ሲበዛበት ራሱን ያድሳል፤ ሲያድስ ግን አፍራሾቹ ሕዋሳት ቀድመው መጥተው ሦስት ሳምንት ያህል ይቦረቡሩታል፣ ገንቢዎቹም ኋላ ተከትለው ሥራቸውን ለመፈጸም ሦስትና አራት ወር ይፈጅባቸዋል። በዚህ መካከል፣ ግድግዳው ፈርሶ አዲሱ ባልቆመበት ቤት ላይ እህል እንደ መጫን ያህል፣ ጡንቻው የበረታለት ወጣት «አሁንስ ችያለሁ» ብሎ ዝላዩን ቢያበዛ፣ ዐፅሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። የፕሩስያ ሠራዊት ሐኪም ብራይትሃውፕት በ1855 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ረጅም ጉዞ በተጓዙ ወታደሮች እግር ላይ ያየውና የጻፈው እብጠት ይኸው ነበር፤ የዐፅም ስንጥቅ መሆኑ የታወቀው ግን ራጅ ከተገኘ በኋላ ነው።

ወለምታን በሚመለከት፣ እብጠቱ ጐደለ፣ ሕመሙም ጸጥ አለ ማለት ቁርጭምጭሚቱ ዳነ ማለት አይደለም። መገጣጠሚያውን የሚይዙት ጅማቶች እግሩ ወዴት እንደ ዘነበለ ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮች አሉባቸውና፣ ጅማቱ ሲበጠስ ይህ መልእክት ይዘገያል፤ መልእክቱ በዘገየ ቍጥርም እግሩ ዳግመኛ ይጠማዘዛል። መድኃኒቱ በአንድ እግር መቆም፣ ቆይቶም ዓይንን ጨፍኖ መቆም፣ ኋላም በሚወላወል ሰሌዳ ላይ መቆም ነው፤ ለሳምንታት፣ ሳይሰለቹ።

ይህ ትዕግሥት ዋጋ እንዳለው ተፈትኗል። በኖርዌይ አገር ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1,892 ልጃገረድ ኳስ ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ሩጫን፣ የጡንቻ ማበርቻን፣ ሚዛን መጠበቅንና በትክክል ማረፍን የያዘ የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ እንዲሠራ ቢደረግ፣ በዚህ ወገን የደረሰው ከባድ ጉዳት ከሌላው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ።

ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከተመሠረተ በኋላ ጥበቡ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛምቷል፤ ደቀ መዛሙርቱም በብዛት ልጆች ነበሩና፣ አሰልጣኞች ሁሉ ይህን አንድ ነገር እንዲያውቁ አጥብቄ እመኛለሁ። በሚያድግ ልጅ ዐፅም ጫፍ አጠገብ ለስላሳ የሆነ የእድገት ስፍራ አለ፤ ይህም ከዐፅሙም፣ ከጅማቱም ይልቅ ደካማ ነው። በእጁ መቆምን በየቀኑ የሚለማመድ ልጅ «አንጓዬን ያመኛል» ባለ ጊዜ አሰልጣኙ ሰምቶት ለጥቂት ሳምንታት ከእጅ ላይ ሸክም ቢያሳርፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ «ልምምድ ነው፣ ይለቅሃል» ተብሎ ከቀጠለ ግን ያ ስፍራ ያለ ጊዜው ሊዘጋና ከሁለቱ የክንድ ዐፅሞች አንደኛው ከጓደኛው አጥሮ ሊቀር ይችላል።