ክንድ ከስንዝር

ሞዴል ባቡር ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚገዛው ባቡሩን ነው። ቀጥሎ ሐዲድ ይገዛል፣ ጠረጴዛ ያሠራል፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ክፍሉን ሞልቶት መላወሻ ያጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ሜትር ይዞ ክፍሉን፣ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ራሱን መለካት አለበት። ባቡሩ ቢቆይ ምንም አይሆንም።

ሞዴል ባቡር እውነተኛውን በተወሰነ ቁጥር አካፍሎ የሚሠራ ነው። በዓለም በብዛት የሚሠራበት ልክ ኤች ኦ ይባላል፤ 87 ጊዜ ያሳንሳል፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን የሚባለው ደግሞ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ 160 ጊዜ ያሳንሳል፤ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

87 ጊዜ ማሳነስ ብዙ ይመስላል እንጂ ርቀትን አያሸንፍም። በኤች ኦ አንድ ኪሎ ሜትር 11 ሜትር ተኩል ይሆናል። ከጅቡቲ ለገሃር ይደርስ የነበረው የቀድሞው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ምንም ሳይቆረጥ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንን መስመር የሚወድ ሰው መሥራት የሚችለው ከመስመሩ አንዱን ቦታ፣ ለምሳሌ የድሬዳዋን ጣቢያ፣ እሱንም ከፊሉን ነው። (የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የሞዴል ሠሪዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር 12 ሚሊ ሜትሩን ይጠቀማሉ።)

ወደ ክፍሉ እንግባ። አሜሪካ ውስጥ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ሉህ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወርዱ 122፣ ርዝመቱ 244 ሳንቲ ሜትር። ትንሽ ይመስላል። ግን ጠረጴዛው መሐል ላይ ከቆመና በአራቱም ጎን ሰው የሚያልፍበት 60 ሳንቲ ሜትር ከተተወለት፣ በጠቅላላው 2.4 ሜትር በ3.6 ሜትር የሆነ ክፍል ይይዛል። በላዩ ላይ የሚዘረጋው እንቁላል ቅርጽ ያለው መስመር ደግሞ 6 ሜትር አይደርስም። ያንኑ ክፍል ወስደን መሐሉን ለሰው ብንተውና ሐዲዱን በግድግዳው ዙሪያ በጠባብ መደርደሪያ ብናዞረው፣ መስመሩ ወደ 9 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ኩርባዎቹም ይሰፋሉ። ክፍሉ አልጨመረም። የተለወጠው ሰውየው የሚቆምበት ቦታ ነው።

አባቶቻችን ጨርቅ በክንድና በስንዝር ይለኩ ነበር፤ ለዚህ ሥራም ከዚያ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንዝር ሲጨመርበት 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግድግዳ የተጠጋ ጠረጴዛ ከዚያ በላይ መስፋት የለበትም። ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በብረት መንኮራኩሩ በኩል ስለሆነ፣ አቧራ የጠጣ ሐዲድ ካልተወለወለ ባቡሩ ይቆማል። እጅ የማይደርስበት ሐዲድ አይወለወልም። ጠረጴዛው ከፍ ባለ ቁጥርም የእጅ መድረሻ ያጥራል፤ ደረት ላይ የሚደርስ ጠረጴዛ ከአንድ ክንድ ብዙ መስፋት አይችልም።

በግድግዳ ዙሪያ የሚሄድ መስመር የክፍሉን በር ማለፉ አይቀርም። ወጣት ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ይሾልካል። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን በቀን አሥር ጊዜ መጎንበስ አይችልም፤ በሩ ላይ የሚነሣ ወይም በማጠፊያ የሚከፈት ድልድይ ያስፈልገዋል፤ አለዚያም መስመሩ በሩ ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ጠረጴዛው ዝቅ ማለት፣ ከሥሩም ለጉልበት ባዶ መሆን አለበት። ቦታ ሲጠብ «አነስተኛውን ልክ ውሰድ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ እኔ አልቀበለውም። ዓይኑ ለደከመና እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ፉርጎ መመለስ ሥቃይ ነው። ለእሱ የሚሻለው ፉርጎዎቹን ማሳነስ ሳይሆን ቁጥራቸውን መቀነስ ነው።

ኩርባና ዳገት የማይለመኑ ነገሮች ናቸው። ፉርጎ ከሐዲዱ ሳይወጣና ሳያስጠላ እንዲዞር የኩርባው ሬዲየስ የረጅሙን ፉርጎ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በኤች ኦ 14 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው አጭሩ የጭነት ፉርጎ በ46 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ በደህና ይዞራል፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው የመንገደኛ ፉርጎ ግን 90 ይጠይቃል። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ ደግሞ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፣ ለመውጣት ብቻ 4 ሜትር ያልቃል።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ያስያዘው ጆን አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሐዲድ ንድፍ መጽሐፉ የመረጡትን የኩርባ ሬዲየስ ወስዶ፣ በጎን ለጎን ሐዲዶች መካከል ያለውን ርቀት ሁለት ጊዜ ደምሮ፣ ጎናቸው ያን ያህል በሆነ ካሬዎች የክፍሉን ንድፍ መከፋፈልን አስተማረ። በ46 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ካሬው 56 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባቡር ዞሮ ለመመለስ የሁለት ካሬ ወርድ ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ኮምፓስ ሳይነሣ፣ እርሳስ ሳያልቅ ይታወቃል። አርምስትሮንግ ሠሪው ሁለት ዝርዝር እንዲጽፍም ይመክር ነበር፤ አንዱ የማይለወጠው፣ ሌላው የሚመኘው። መስኮት፣ በር፣ ወገብና ዓይን የሚገቡት በመጀመሪያው ነው።

ሙሉ ክፍል ለሌለው ሰው እንግሊዛዊው አለን ራይት የሠራው ኢንግልኑክ የሚባለው ንድፍ አለ። ጫፋቸው የተዘጋ ሦስት ሐዲዶች፣ ሁለት የሐዲድ መቀያየሪያ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ስምንት ፉርጎ። ረጅሙ ሐዲድ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት፤ ፉርጎዎቹን ለማቀያየር የሚያገለግለው መንቀሳቀሻ ሐዲድ ደግሞ ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ። በኤች ኦ 2 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይበቃዋል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ሠሪውም ከወንበሩ ሳይነሣ ያንቀሳቅሰዋል። የስምንቱ ፉርጎዎች ስም በወረቀት ተጽፎ አምስቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ በወጡበት ተራ ረጅሙ ሐዲድ ላይ መሰለፍ አለባቸው። 6,720 ዓይነት ሰልፍ ሊወጣ ይችላል። ጥበቡ ያለው በጥበቱ ነው፤ መንቀሳቀሻው አንድ ፉርጎ ቢረዝም ኖሮ እንቆቅልሹ ይላላ ነበር። ቦታው ከዚህም ካነሰ ሐዲዶቹ 3፣ 2፣ 2 ሆነው በአምስት ፉርጎ ይሠራል፤ ያኔ ሦስቱ ብቻ በዕጣ ስለሚወጡ ሰልፎቹ 60 ናቸው።

ሰልፉ ሲሞላ ፉርጎዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ወረቀቶቹ ተደባልቀው አምስት ስሞች እንደገና ይወጣሉ።