ስኳሩን ማን ይጠይቅ?

ፒያሳ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ተራ ይዣለሁ። ከፊቴ የነበሩት፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው "ያቺን ስጠኝ" አሉ። ሻጩ የትኛዋን ብሎ አልጠየቀም፤ ማዘዣም አልጠየቀም፤ የስንፈተ ወሲብ ክኒን አቀበላቸው። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለ ስንፈተ ወሲብ ማጠያየቅ ጀመርኩ።

በሙያው ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ፋርማሲስት አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። "ሁሉም 'ለጓደኛዬ ነው' ይላል። ይሄ ጓደኛ የሚሉት ሰው አገሩን ሞልቶታል! ሌሊቱን ውኃ ሲጠጣና ሲሸና ያድራል፤ ከስቷል፤ እሱ ግን 'አስደግመውብኝ ነው' ባይ ነው። ስኳርህን ተለካ ስለው 'ሐኪም ነህ ነጋዴ?' ይለኛል። ነጋዴ ነኛ!"

የብልት መቆም የደም ዝውውር ጉዳይ ነው። ስኳር ደግሞ የደም ሥሮችንም ነርቮችንም ይጎዳል። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በእነሱ ነው፤ ሐኪሞች ስንፈቱን ለልብ ሕመም እንደ ማስጠንቀቂያ የሚያዩትም ለዚህ ነው። ቦርጭም አለበት፤ ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይራል።

የወንድነትን ኃይል በመድኃኒት የመመለስ ምኞት ግን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ ውስጥ የ72 ዓመቱ ሳይንቲስት ብራውን ሴካር ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ "ጉልበቴ ተመለሰ" ብሎ አወጀ። ጭማቂው ሆርሞን አልነበረበትም ማለት ይቻላል፤ የሠራው ምኞቱ ነው። ቴስቶስትሮን ከኮርማ የዘር ፍሬ ተነጥሎ የወጣው በ1935 ነው። ሲልዴናፊል፣ ማለትም ቪያግራ፣ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር፤ አሜሪካ ለስንፈት የፈቀደችው በ1998 ነው።

ክኒኑ ያለ ማዘዣ ስለመሸጡ የጠየቅኳቸው ኃላፊ "ስብሰባ ላይ ነኝ" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልካቸው አይነሣም።

ጂም ቤት ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚወጉ ወጣቶችም አሉ፤ መርፌው የዘር ፈሳሽን ፍሬ አልባ ሊያደርግ እንደሚችል የሚነግራቸው የለም።

ናይትሬት ያለበት የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቪያግራን ጨርሶ አይንካ፤ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ሌላውም ክኒኑን ከመግዛቱ በፊት የጾም ስኳሩን ይለካ፤ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው።