ከመመረቂያ ጽሑፉ በፊት ጥያቄው ይቅደም፦ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው

የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሸክም አይደለም። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ወላጅ፣ ደመወዙን ለታናሽ ወንድሙ የሚያካፍል መምህር፣ ልጆቿን ለእናቷ አደራ ሰጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትመላለስ ሠራተኛ ሁሉ የዚህ ሸክም ተካፋዮች ናቸው። ጥናቱ በገጠር የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ማሳውን የሚያሳየውና መጠይቁን የሚመልሰው አርሶ አደር ከሥራ ሰዓቱ ይቆርሳል። ይህ ሁሉ ተከፍሎበት በመጨረሻ የሚገኘው በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚለብስ ጥራዝና ሥራ የማያስገኝ የምስክር ወረቀት ከሆነ ኪሳራው የብዙዎች ነው።

ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወስናቸው ጥቂት ነገሮች ነው። ምን ልማር? ምን ልመርምር? ከማን ጋር ልሥራ? ስጨርስስ ወዴት እሄዳለሁ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ለይቶ ለኋላ ማቆየት ሌሎቹን ያበላሻል።

ከምዝገባው በፊት

የመጀመሪያው ሥራ የሥራ ማስታወቂያዎችን ማንበብ ነው። ተማሪው ሊገባበት የሚፈልገውን የሥራ ዘርፍ መርጦ ለጥቂት ወራት የወጡትን ማስታወቂያዎች ሰብስቦ ቢመለከት ሦስት ነገሮችን ይረዳል። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቶች የትምህርት ዓይነቱን በስሙ ለይተው ስለሚጠይቁ፣ አዲስና ያልተለመደ ስም ያለው የትምህርት ክፍል ከውድድሩ ሊያስወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ብዙ የሥራ መደቦች ከዲግሪው ጎን የሥራ ልምድ ስለሚጠይቁ፣ አንድም ቀን ሳይሠራ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪና የጥቂት ዓመታት ልምድ ባለው ሊቀደም ይችላል። ሦስተኛ፣ ከዲግሪው ሌላ የሚፈለገው ችሎታ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ የስታቲስቲክስ ትንተና፣ የካርታ ሥራ፣ የፕሮጀክት ሰነድ ዝግጅት፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሚጠየቁት ውስጥ ናቸው።

በግል ኮሌጅ ለመማር ያሰበ ሰው ደግሞ የዕውቅና ፈቃዱን አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዓይነት፣ በደረጃና በካምፓስ ተለይቶ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንድ ከተማ ለሚሰጠው ትምህርት ያገኘው ፈቃድ በሌላ ከተማ ለከፈተው ቅርንጫፍ አያገለግልም። ይህን ሳያጣሩ ክፍያ መጀመር ገንዘብንም ዕድሜንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለሚያስተምረው ሠራተኛ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ግዴታ ውል አለበት፤ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ተመልሶ እንዲያገለግል፣ ካልሆነም ወጪውን እንዲተካ ያስገድዳል። በውሉ ላይ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ብዙ ጊዜ ወንድም፣ አጎት ወይም ጎረቤት ነው። ዋሱ ከመፈረሙ በፊት የገንዘቡን መጠንና የግዴታውን ዘመን ማወቅ፣ የውሉንም ቅጂ በእጁ ማስቀረት መብቱ ነው።

ጥያቄው ከየት ይነሣ?

ብዙ ተማሪዎች የምርምር ርእስ የሚፈልጉት ቀደም ሲል ከተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ነው። የወረዳውን ስም ቀይሮ ያንኑ ጥናት መድገም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ ነገር ስለማይገኝበት ለቀጣሪም ለአገርም የሚነግረው የለም።

የአገራችን የምርምር ታሪክ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከቱ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታዩ ነበር። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ በመሆኑ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን ሰንሰለት ይበጥሳል። የእንዶድን ሳሙናነት እናቶች ለብዙ ዘመናት ያውቁት ነበር፤ ተመራማሪው የጨመሩት በዓይን የታየውን ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቅና በቤተ ሙከራ መፈተን ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጤፍ ማሳ የሚገኝ ነው። በደብረ ዘይት ይሠሩ የነበሩ የጤፍ ተመራማሪዎች በእጃቸው ሁለት ዝርያዎች ነበሯቸው። አንደኛው ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ፍሬው ግን በጣም ነጭ ስላልነበረ ገበያ አያነሣውም። ሌላው ፍሬው እጅግ ነጭ ነው፤ በምርት ግን ያንሳል። ሁለቱን በማዳቀል የተገኘው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቅቆ በአርሶ አደሩ ዘንድ በስፋት ተወደደ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ግማሹን እውነት ያያል። ገበሬው የሚያመርተው ለመብላትም ለመሸጥም ነውና የገዢው ምርጫ ከጥያቄው ውስጥ መግባት አለበት።

በአማራ ክልልም መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች ሞልተዋል። የጎጃምና የአዊ አሲዳማ አፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ፣ በፋግታ ለኮማ ለከሰል ሲባል የእህል ማሳን የተካው የዲከረንስ ዛፍ፣ በየከተማው የሚታየው የውኃ እጥረትና የደረቅ ቆሻሻ ክምችት ጥቂቶቹ ናቸው።

ጥያቄውን ማጥበብ

የርእሱ ጠቃሚነት ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የሚያልቅ መሆን አለበት። «በአማራ ክልል የአሲዳማ አፈር ችግርና መፍትሔው» የሚል ርእስ የአንድ ተቋም የብዙ ዓመት ሥራ እንጂ የአንድ ተማሪ መመረቂያ አይሆንም። «በሁለት ቀበሌዎች ኖራ መጠቀም የጀመሩ አርሶ አደሮች በቀጣዩ ዓመት ለምን አቆሙ?» የሚለው ግን ይመለሳል። ኖራ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚፈለግ ከባድ ነገር በመሆኑ የማጓጓዣ ዋጋ ይሆን? የአቅርቦት መዘግየት ይሆን? ወይስ ውጤቱ በአንድ ክረምት ስላልታየ? መልሱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በማግስቱ የሚጠቅም ነው።

ጊዜን በሚመለከት የመስክ ሙከራ ተማሪዎች ከገበሬው ሊማሩ ይገባል። ዝናብ የምርምር ዕቅድ እስኪጸድቅ አይጠብቅም። ሰኔና ሐምሌ ካለፉ የመኸር ሙከራ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ በሁለት ዓመት ሊያልቅ የታሰበው ትምህርት ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዱ እስከ ሚያዝያ ተጽፎ፣ ዘሩና ማሳው እስከ ግንቦት ተዘጋጅቶ ቢያድር መልካም ነው። ካልተቻለ በመስኖ ወይም በቤተ ሙከራ የሚሠራ፣ አለዚያም ቀድሞ በተሰበሰበ የአየር ጠባይ፣ የጤና ወይም የገበያ መረጃ ላይ የሚመሠረት አማራጭ ከወዲሁ ይያዝ። የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ሁለተኛ የጥናት ቦታ መምረጥም ከዕቅዱ ክፍሎች አንዱ ነው።

ገንዘቡም በዝርዝር ይሰላ። የአፈር ናሙና ምርመራ፣ የትራንስፖርት፣ የቀን ሠራተኛና የመረጃ ሰብሳቢ ክፍያ፣ የኅትመት ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍሩ፣ ከሁለት መቶ ናሙና ስልሳው በጥንቃቄ የተወሰደ እንደሚሻል ተማሪው ከመነሻው ሊረዳ ይችላል።

አማካሪን በተመለከተ፣ የዝናው ትልቅነት ብቻ መመዘኛ አይሁን። ከእሱ ጋር የሠሩ ተማሪዎች በስንት ጊዜ እንደጨረሱና ረቂቅ ሲሰጡት በስንት ቀን እንደሚመልስ እነሱን መጠየቅ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ የተስማሙበትን በአጭሩ ጽፎ ለአማካሪው መላክ ከብዙ አለመግባባት ያድናል።

በር የከፈተው አርሶ አደር

በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ማዕከላት ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ደጋግመው ይጠየቃሉ። መጠይቅ ይዞ የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ሲመለስ አይታይም፤ አርሶ አደሩም ቀስ በቀስ እርዳታ ያስገኛል ብሎ ያሰበውን መልስ መስጠት ይለምዳል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ጥናቱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ለጥናት የሚጠየቅ ሰው፣ በገጠርም ይሁን በከተማ፣ አምስት ነገሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይወቅ። መጪው ማን ነው? ከየትኛው ተቋም የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል? መረጃው ለምን ይውላል? ስንት ሰዓት ይወስዳል? ውጤቱ ተመልሶ ይነገረን ይሆን? መልስ ለመስጠት አለመፈለግም፣ ከመካከል ማቋረጥም መብት ነው፤ በዚህ ምክንያት ማዳበሪያ ወይም ሌላ አገልግሎት የሚቀርበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ተማሪውም ጥናቱን ሲጨርስ ውጤቱን በአማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ ጽፎ ለቀበሌውና ለግብርና ባለሙያው ቢያደርስ ውለታ ይመልሳል። የሚያገኘው ጥቅምም ቀላል አይደለም። የወረዳ ኃላፊዎች የሚያውቁት፣ ሥራውን በተግባር የሚመሰክርለት ወጣት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ብቻውን አይቆምም።

አቋራጩ ሲያስረዝም

በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸው የሚታወቅ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ጽሑፍ ይዞ ፈታኞች ፊት የሚቀርብ ተማሪ የራሱን ሥራ ማስረዳት ያቅተዋል፤ የተቀዳ ጽሑፍን የሚለዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም በሥራ ላይ ናቸው። ቢያልፍ እንኳ በሥራ ቦታ የሚጠየቀውን ትንተና አያውቀውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ በቂ ግምገማ በክፍያ ብቻ የሚያትሙ መጽሔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ለቅጥርና ለደረጃ ዕድገት ሲቀርቡ ዋጋ ሊያጡ ይችላሉ። ጽሑፍ ከመላክ በፊት የመጽሔቱን ተቀባይነት ከአማካሪና ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማጣራት ይገባል።

ከምረቃ በኋላ

ከምረቃ በኋላ ያሉት መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ እንደ አዴት፣ ስሪንቃና ደብረ ብርሃን ባሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት መሥራት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በግብረ ሠናይ ድርጅት ማገልገል፣ አለዚያም ዕውቀቱን ወደ ግል ሥራ መለወጥ ይቻላል። ስለ ዘር ብዜት ያጠና ሰው ዘር አባዝቶ ሊሸጥ፣ ስለ ማር ጥራት ያጠና ሰው ማር አጣርቶና አሽጎ ለገበያ ሊያቀርብ ይችላል። የመመረቂያ ርእሱ በየትኛው መንገድ እንደሚያገለግል አስቀድሞ ያሰበ ተማሪ ከምረቃው ቀን በፊት ሰዎቹን ያውቃቸዋል።

ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስፈልገው ለማስተማርና ለምርምር ሕይወት ነው። ይህ መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። የ2009ን (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የማሽላ ጠላት በሆነው በአቀንጭራ ላይ ብዙ ዓመታት ሠርተዋል። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው፤ ይህን ምልክት በጥቂቱ ብቻ የሚሰጡ ማሽላዎችን መርጦ ማዳቀል ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆነ። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የዕፅዋት በሽታን በአሜሪካ ተምረው፣ በኮሎምቢያ ለዓመታት ሠርተው ወደ አፍሪካ በመመለስ እ.ኤ.አ. በ2013 በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለመምራት በቅተዋል። ሁለቱም በአንድ የችግር መስክ ላይ ጸንተው ቆይተዋል።

ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ይፈልግ። «ዕድሉን አረጋግጥልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላን ማመን አይገባም። ለውጭ ፕሮፌሰር የሚላክ ደብዳቤም ችግረኝነትን ከሚዘረዝር ይልቅ የተሠራውን ጥናትና ቀጣዩን ጥያቄ በአጭሩ ቢያስረዳ ይሰማል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቤተሰብ ከገንዘብ ሌላ የሚያዋጣው ነገር አለው። ልጁ ለበዓል ወደ ቤት ሲመጣ «የምትመረምረው ምንድን ነው? ለማን ይጠቅማል? መቼስ ታበቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ተማሪው ወይም ተማሪዋ ያለ እንግሊዝኛ ቃል፣ ምድጃ ዳር ለተቀመጡ ሰዎች በሚገባ ቋንቋ ከመለሱ ጥያቄው ተለይቷል ማለት ነው። መልሱ ከተድበሰበሰ ግን ዘሩ ሳይዘራ፣ ገንዘቡ ሳይወጣ ከአማካሪ ጋር ተቀምጦ ርእሱን እንደገና ማየቱ ይበጃል።