ዳገት ላይ የተሠራ ቤትና የክረምት ውሃ

በእንጦጦ ግርጌ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ክረምት ሳይገባ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከላይ የሚመጣው ውሃ በየት በኩል ይለፍ የሚለው ነው። ባለቤቱ መንገድ ካላበጀለት ውሃው ራሱ ያበጃል፤ ብዙ ጊዜም የሚያልፈው በግድግዳው ሥር ነው። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ቦይ መጻፋችን የምሕንድስና ጓደኞቻችንን ያስቃቸው ይሆናል። ጎርፍ ግን ፋኩልቲ አይመርጥምና እንቀጥል።

በመጀመሪያ መጠኑን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 80 ካሬ ሜትር በሚሸፍን የቆርቆሮ ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2000 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል 10 ጊዜ ይሞላል። ይህ የጣራው ብቻ ነው፤ ከበላይ ካለው መሬት የሚወርደው አልተቆጠረም።

ያንን ለመመለስ ከቤቱ በላይ፣ ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ይቆፈራል። የሚወጣው አፈር በቤቱ በኩል ተከምሮ ይጠቀጠቃል። ቦዩ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ ይበቃዋል፤ ከዚህ ቢያንስ ደለል ይሞላዋል፣ በጣም ቢበዛ ውሃው ሥሩን እየበላ ፈፋ ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ መውረድ ግድ በሆነበት ስፍራ በድንጋይ ደረጃ እየተሠራ የውሃው ጉልበት ይሰበራል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የፈለፈሉት ሰዎች የውሃ መውረጃ ቦዮችንም አብረው ፈልፍለዋል፤ ነገሩ አዲስ ጥበብ አይደለም።

የጭቃ ቤት ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ከጣራው የሚወርደው ጠብታ መሬቱን መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ምርጊቱ ከታች ይላላል፣ የማገሩና የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ስለዚህ አሸንዳ ያስፈልገዋል፤ የድንጋይ መሠረቱም ከመሬት ከፍ ይበል፤ በዙሪያው ያለው መሬት ወደ ውጭ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የድጋፍ ግንቡን ነው። ግንብ የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ የታቆረው ውሃ ነው ይበልጥ የሚገፋው። ስለዚህ ከጀርባው ጠጠር ይሞላል፣ በግንቡም ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ግቢ ያረጥባል ብሎ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ግንቡን በገዛ እጁ እንደሚያፈርስ ይቁጠረው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ውሃው የት ይድረስ የሚለው ይቀራል። በእኛ አስተያየት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በየሰፈሩ የሚታየው የቦዩን አፍ በታችኛው ጎረቤት አጥር ላይ መልቀቅ ነው፤ እሱም በተራው ወደሚቀጥለው ይለቃል፤ መጨረሻ ላይ የሁሉ ውሃ ተጠራቅሞ ከሁሉ በታች ባለችው ጎጆ ላይ ይወርዳል። እዚያ የሚኖረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግንብ ለመሥራት አቅም የሌለው ነው። አራት አምስት ቤቶች ገንዘብና ጉልበት አዋጥተው አንድ የጋራ ቦይ እስከ መንገዱ ቦይ ወይም እስከ ወንዙ ቢያወጡ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል። ቁፋሮው ግን ከግንቦት ማለፍ የለበትም፤ ሰኔ ከገባ ጉድጓዱ ሳያልቅ ውሃ ይሞላዋል።