አዲስ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል?

ፈቃድ ተለፍቶበት፣ ብዙ ብር ወጥቶበት፣ ከነቅባቱ ከካርቶኑ የወጣ ሽጉጥ በሦስተኛው ጥይት ሲነክስ ባለቤቱ ቶሎ የሚደርስበት ፍርድ ይታወቃል፤ «አታለውኛል» ይላል። የሚያውቁት ሁሉ ምክር ይለግሱታል። አንዱ በነጭ ጋዝ እጠበው ይላል፣ ሌላው ሞረድ ያቀብለዋል፣ ሦስተኛው እንዲሸጠው ይመክራል። የነከሰውን ጥይት ከማውጣቱ በፊት ግን ጥይቱ ወይም ቀለሁ የትኛው ቦታ ላይ፣ ወደየት ዞሮ እንደቆመ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙም አይገኝም። ምርመራው ደግሞ ግማሽ በግማሽ እዚያ ላይ ያልቃል።

የድሮ መሣሪያ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ሽጉጥ ጥይት የሚደረደርበት ካርታ የለው፣ ቀለህ አይጥል። ከ28 ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ውጅግራም አንድ ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነው። ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው የተኳሹ ክንድ ስለነበር ቀለሁ አልወጣ ካለ ጉልበት ይጨመርለታል። በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ ግን ያንን የክንድ ሥራ የሚሠራው ከተኩሱ የሚገኘው የኋሊት ግፊት ነው። ሰውየው የሚያቀባብለው የመጀመሪያዋን ጥይት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ራሱን ያቀባብላል። ግፊቱም ልክ አለው፤ ባነሰ ጊዜ ጉልበት የሚጨምርለት የለም።

ልኩን በቁጥር እንየው። የተለመደችው የ9×19 ጥይት አረር 8 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከአፈሙዝ የምትወጣው በሰከንድ 350 ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ነው። አረሯ ወደ ፊት ስትሄድ እኩል ግፊት ወደ ኋላ ይመጣል። የሚቀበለው ስናቀባብል በእጃችን የምንስበው የላይኛው ብረት ነው፤ ተንሸራታች እንበለው። ከቱቦው ጋር ግማሽ ኪሎ ቢመዝን፣ የኋሊት ጉዞው በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ቀለሁን ከጥይት ቤቱ መሳብ፣ አሽቀንጥሮ መጣል፣ መዶሻውን ማስነሳትና ሞላውን ማመቅ አለበት። ሞላው መልሶ ሲገፋው ደግሞ ከካርታው አናት ላይ አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። አረሯ ራሷ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ሳይሞላ ከቱቦው ወጥታለች፤ ስለዚህ ቀለሁ መውጣት የሚጀምረው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ሁለት ዓይነት አሠራር ይጠብቀዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ አገራችን በደንብ የምታውቀው ማካሮቭ፣ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ባለ 8 ጥይት ሽጉጥ፣ ቱቦው አይንቀሳቀስም፤ ተንሸራታቹም ከቱቦው ጋር አይቆለፍም። የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና ቱቦውን የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። ብዙዎቹ የዛሬ 9×19 ሽጉጦች ግን አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ያወረሰውን አሠራር የተከተሉ ናቸው፤ ቱቦውና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ይሄዱና ቱቦው ቂጡን ዝቅ አድርጎ ይለቀዋል። ሁለተኛው የበለጠ ኃይለኛ ጥይት ይችላል፣ ነገር ግን የሚፋተጉ ክፍሎቹ ይበዛሉ። ለዚህም ነው አዲስ ሳለ አንዳንዴ የሚያስቸግረው።

አሁን ወደ ነከሰው ሽጉጥ እንመለስ። መጀመሪያ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይሁን፤ ጣት ከምላጩ ይውጣ። ምላጩ ተስቦ ድምፅ ካልተሰማ 30 ሰከንድ ያህል በዚያው ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፣ ዘግይታ የምትፈነዳ ጥይት አለችና። ድምፁ ከወትሮው የደከመና የታፈነ ከነበረ ደግሞ ሁለተኛ ጥይት አይቀባበልም፤ አረሯ ቱቦው ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። በላይዋ የሚተኮሰው ቱቦውን ይሰነጥቃል፣ እጅም ይወስዳል።

ባዶው ቀለህ በመውጫው መስኮት ላይ ቆሞ ተንሸራታቹ ከነከሰው፣ ጥይቷ ተተኩሳለች፣ ቀለሁም ከጥይት ቤቱ ተስቧል፤ የጎደለው የማሽቀንጠሪያው ጉልበት ነው። ይኸውም ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አልሄደም ማለት ነው። በአዲስ ሽጉጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የላላ እጅ ነው። ተንሸራታቹ የሚንሸራተተው በእጀታው ላይ ስለሆነ፣ እጀታው አብሮት ወደ ኋላ ከሸሸ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጉዞ ያጥራል። እጀታው ቀላል ፕላስቲክ የሆነ ሽጉጥ ላይ ይህ ይብሳል። በነገራችን ላይ በሠርግና በለቅሶ ክንድን ዘርግቶ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ከሁሉ የላላውን አያያዝ የያዘ ነው፤ ሽጉጡ ሕዝብ መሐል የሚነክስበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነክሶበት ግራ የገባው ተኳሽ አፈሙዙን ወደ ሰዉ አዙሮ ሲታገል ማየት ደግሞ ከሰማይ ተመልሳ ከምትወድቀው አረር አላንስ ብሎ ያስፈራኛል።

ቀለሁ ከጥይት ቤቱ ጨርሶ ሳይወጣ አዲስ ጥይት ከኋላው መጥታ ከተሸነቆረች ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ጥፍሩ ነው፤ የቀለሁን ጠርዝ ይዞ የሚስበው ትንሽ ብረት። ሥሩ በፋብሪካ ቅባት ወይም በቆሻሻ ከተሞላ ጠርዙን በደንብ አይይዝም። መጠርጠር ብቻውን አይበቃም፤ የወጣውን ቀለህ መዳፍ ላይ አድርጎ ብርሃን ላይ ማየት ይበጃል። ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ የተቧጨረ ወይም የተቦጨቀ ምልክት ካለ፣ ጥፍሩ ይዞ ስቧል፣ ግን ቀለሁ እምቢ ብሎት አምልጦታል፤ ስለዚህ ችግሩ የጥይት ቤቱ መቆሸሽ ወይም የቀለሁ ማበጥ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ጥፍሩ አልያዘም። የቀለሁ ከንፈር በአንድ ጎኑ ከተጨፈለቀ ሲወጣ የመስኮቱን ጠርዝ መትቷል። መቺው መርፌ በቀለሁ ቂጥ መሐል የተወው ነቁጥ ደግሞ ጥልቀት ከሌለው፣ ወይ መርፌው በቅባት ተይዟል፣ ወይ ተንሸራታቹ ጨርሶ ሳይዘጋ ተመትቷል።

አዲሷ ጥይት አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ የካርታውን የፊት ግድግዳ ከመታች ነገሩ ከቱቦው ይልቅ ካርታውን ይመለከታል። በእኔ ግምት ማጎረስ የሚያስቸግር ሽጉጥ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት ካርታው መመርመር አለበት፤ ባለቤቶች ግን የመጨረሻ የሚያዩት እሱን ነው። ካርታ ቀላል ቆርቆሮ ይምሰል እንጂ ሥራው ከባድ ነው፤ እያንዳንዷን ጥይት በትክክለኛው ከፍታና በትክክለኛው ዘንበልታ፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የላይኛው ከንፈሩ ሲወድቅ በትንሹ ከተጣመመ፣ ሞላው ከደከመ ወይም ካርታው እስከ መጨረሻው ገብቶ ካልተቆለፈ ጥይቷ ትስታለች። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሁለት ካርታ ካለ ቁጥር ይጻፍባቸውና በየትኛው እንደነከሰ ይመዝገብ። ሁልጊዜ በቁጥር 2 ከሆነ ሽጉጡ ከክሱ ነፃ ነው።

ተንሸራታቹ ለመዘጋት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው የሚቆም ከሆነ አንድ የእጅ ልማድ ይታይ። ብዙ ሰው ሲያቀባብል ተንሸራታቹን በጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ብረቱን የሚያከብር ይመስለዋል። ሞላው የተሠራው ግን በሙሉ ጉልበቱ እንዲገፋ ነው። እስከ ኋላ ስቦ ድንገት መልቀቅ ነው የሚሻለው።

ሌላው ተጠርጣሪ ጥይቱ ነው። በአገራችን ገበያ «ዘጠኝ» የሚለው ቃል ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። የማካሮቭ ጥይት 9×18 ነው፤ የሌሎቹ የአብዛኞቹ 9×19። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል፣ ነገር ግን የማካሮቭ አረር 9.27 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላት ከ9.01ዷ ትበልጣለች። 9×17 የሚባልም አለ። የተሳሳተው ጥይት አንዳንዴ ካርታው ውስጥ እሺ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይነክሳል፤ ይህ እንደ ዕድል መቆጠር አለበት፣ ከመንከስ የባሰ አለና። ከዚህም ጋር፣ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ በሕገወጥ መንገድ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ሽጉጦች በኮንትሮባንድ ይገባሉ። ብዙዎቹ ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ በመሆናቸው የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችሉም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ቢነክስ የሚጠገንበት መንገድ የለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን መከልከሉ ሳይረሳ፣ መሣሪያው ለያዘው ሰው ራሱ አደገኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሌላ አገሩ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ ከፍታው ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም። ዘንገና፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ያ ጥልቅ ሐይቅ፣ ከእንጅባራ አቅራቢያ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሽጉጥ ይደክማል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ባሩድ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በውስጡ ይዟል፣ ከአየር አይበደርም። በ9×19 የጥይት ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከ2,000 ባር በላይ ሲሆን የዘንገና የአየር ግፊት 0.75 ባር አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ቢሆንስ ምን ይለውጣል?

ከከፍታው ይልቅ ብርዱና እርጥበቱ ነው ሥራ የሚሠሩት። እንጅባራ ያለችበት አዊ ዝናብ የሚወድቅበት፣ ጭጋግ የሚተኛበት ደጋ ነው። አዲስ ሽጉጥ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ወፍራም ቅባት ተቀብቶ ይመጣል፤ ያ ቅባት ለመጋዘን እንጂ ለተኩስ የታሰበ አይደለም። በእንጅባራ ሌሊት ይወፍርና ተንሸራታቹን ይይዛል፣ የመርፌውንም ጉድጓድ ይደፍናል። እዚያው አዊ፣ በፋግታ ለኮማ በኩል፣ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ብናኝ ከተጨመረበት ደግሞ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። በነጭ ጋዝ ማጠብ ቅባቱን ያነሳል፣ ትክክል ነው፤ ግን ብረቱን ደረቅ አድርጎ ይተወዋልና ከዚያ በኋላ ስስ የመሣሪያ ዘይት በተንሸራታቹ ሐዲድና በቱቦው ውጭ ላይ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። የጥይት ቤቱና ካርታው ውስጥ ግን ዘይት አይገባም።

ዝናርና የቆዳ ማኅደር ሌላ ወሬ አላቸው። ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገርና እርጥበት ከነሐስ ጋር ሲገናኙ አረንጓዴ ዝገት ይፈጠራል። ክረምቱን ዝናር ውስጥ የከረመ ጥይት ተወልውሎም ያንን አረንጓዴ ቅርፊት ጨርሶ አይለቅም፤ ቅርፊቱ ቀጭን ቢሆንም የጥይት ቤቱ የሚሰጠው ክፍተት ከዚያ አይሰፋም። ሲገባ ይጣበቃል፣ ሲወጣ ከጥፍሩ ያመልጣል። ሽጉጡ አዲስ ሆኖ ጥይቱ የአያት ከሆነ ጥፋቱን አዲሱ ላይ ማላከክ ግፍ ነው። ለማከማቻ ደረቅ ሣጥን ይሻላል፤ ማኅደር ለመሸከሚያ ብቻ ነው።

አምራቾች ለአዲስ ሽጉጥ የመላመጃ ጊዜ ሲመክሩ አንዳንዶቹ 200 ጥይት ያህል ይላሉ። የሚፋተጉት ብረቶች እስኪለሳለሱ፣ ጠንካራው ሞላ እስኪለዝብ ማለት ነው። ይህ ምክር የተጻፈው ጥይት በካርቶን በሚገዛበትና የተኩስ ሜዳ በየከተማው ባለበት አገር ነው። እዚህ ፈቃድ ያለው ሰውም ሽጉጡን አንዴም ሳይተኩስበት ዓመታት ይሸከመዋል። በባዶው ደጋግሞ ማቀባበል በመጠኑ ይተካዋል፤ መጀመሪያ ካርታውን አውልቆ፣ ጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጦ። ሞላው ይላመዳል፣ የወፈረውም ቅባት የት እንዳለ እጅ ላይ ይታወቃል።

ካርታ ተቀያይሮ፣ ጥይት ተቀይሮ፣ ቅባቱ ታጥቦ፣ አያያዙ ጠብቆ ሽጉጡ እዚያው ቦታ ላይ መንከሱን ከቀጠለ ያን ጊዜ ጥፍሩ፣ ሞላው ወይም የጥይት ቤቱ ራሱ ይጠረጠራል። ይህ የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በየትኛው ካርታ፣ በየትኛው ጥይት፣ ቀለሁ የት እንደቆመ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መሄድ የባለሙያውን ጊዜ ያሳጥራል። ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ግን ሽጉጥ አጠገብ አይድረሱ። ጥይቷ ከካርታው ወደ ጥይት ቤቱ የምትወጣባት ትንሿ ዳገት በሞረድ ስትገፋ የቀለሁን የኋላ ክፍል የሚደግፈው ብረት ይቀንሳል፤ ከ2,000 ባር በላይ የሆነው ግፊት ሲመጣ ነሐሱ ያልተደገፈበት ቦታ ላይ ይፈነዳል። የሚፈነዳውም ወደ ታች፣ ካርታው በገባበት፣ እጅ በያዘው በኩል ነው።