ከኮሶ አበባ እስከ ቤት ለቤት መዝገብ

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ አክሱም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመውት ወደዚህ መንገድ ያወጡታል። ሐኪም ቤት ሩቅ በነበረበት ዘመን ግን ሕክምናው ከጓሮና ከጎረቤት ይጀምር ነበር።

ከሁሉም የታወቀው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወደድበት አገር የሆድ ትል አያጣም፤ የደጋው ዛፍ የሴቴዋ አበባ ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ተበጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጠጪው ትሉ እስኪወጣለት እህል አይቀምስም። ማቅለሽለሹ ብርቱ ነው፤ መጠኑ ካለፈም ዓይን ይጎዳል። በቁስጥንጥንያ የኖረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብሬየር ፈዋሽነቱን ካስተዋወቀ በኋላ፣ ጀርመናዊው ኩንት በ1824 እ.ኤ.አ. ለዛፉ ከብሬየር ስም የወጣ ሳይንሳዊ መጠሪያ ሰጠው፤ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ሸጡት። መድኃኒቱን ፈትነው ያገኙት የደጋው ሰዎች ግን በመጠሪያው ውስጥ የሉም።

ወጌሻም አለ። ወለምታ ያሻል፣ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ይጠግናል። እጁ የሚታመን ነው። አደጋው ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው፤ ደም ካልዘለቀ እግሩ ወይም እጁ ይሞትና ለመቆረጥ ይዳረጋል። ጣት ሲቀዘቅዝና ሲጠቁር ማሰሪያውን ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መላክን ለወጌሻ ማስተማር ከማሳደድ ይልቅ ብዙ አካል ያድናል።

ኮሶና ወጌሻ ግን ወረርሽኝ አያቆሙም፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በጎንደር አቅራቢያ ባለችው በደምቢያ የተነሣው ወባ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። በዓመቱ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ አገዙ። ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ፤ በሽተኛ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሳይሆኑ ምንጭ የሚያጎለብቱ፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍሩ፣ እናቶችን በየቤታቸው የሚጎበኙ።

የዚያ ኮሌጅ ወራሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳባትን የጥናት ሥፍራ አድርጓታል። የተመረጠችው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ወረዳ ስለሚገኙባት ነው። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይጽፋሉ። አብዛኛው ሰው በቤቱ ስለሚሞት የሞቱን ምክንያት የሚያውቅ ሐኪም የለም። ስለዚህ ከኀዘኑ ቀናት በኋላ ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ትኩሳቱ መቼ ጀመረው? ሳል ነበረው? የት ታከመ? ሐኪሞች መልሱን አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ።